መኪናን መሬት ላይ ያጣበቀው ሰውዬ፦ ኮሊን ቻፕማን

ቤተሰብ፣ የመኪና ቪዲዮ የምታዩ ከሆነ ይቺ ሳትገጥማችሁ አትቀርም። አንድ ግዙፍና ውድ ኤስዩቪ ቆሟል፤ ባለቤቱ ስልኩን ነካ ሲያደርግ መኪናው እንደ ግመል ቀስ ብሎ ይንበረከካል። የጎማው አናት ፓራፋንጎ ውስጥ ይደበቃል። ከስር ያለው ኮሜንት ሁሉ የት ተሠራ፣ ስንት ፈጀ የሚል ነው። እኛንም በውስጥ መስመር የምትጠይቁን ይህንኑ ነው፤ መኪና ዝቅ ማስደረግ ምን ይጠይቃል፣ ጉዳትስ አለው ወይ እያላችሁ።

ዛሬ መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት በኩል እንየው። ሰውዬው አንድም ኤስዩቪ ሳይሠራ ነው ያለፈው፤ ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያቋቋመው ድርጅት ሎተስ ግን ዛሬ ኤሌትሬ የሚባል የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ ይሸጣል። በአየር ሰስፔንሽን ራሱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ወደ 2.5 ቶን ይመዝናል፣ የሚመረተውም ቻይና ውሃን ከተማ ነው። መሥራቹ ዕድሜውን ሙሉ ከመኪና ላይ ኪሎ ሲቀንስ የኖረ ሰው ስለሆነ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። ስሙ ኮሊን ቻፕማን ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልን።)

ቻፕማን ሜይ 19 ቀን 1928 ለንደን አጠገብ ሪችመንድ ተወለደ። አባቱ በሰሜን ለንደን ሆርንሲ በሚባል ሰፈር ሬልዌይ ሆቴል የተባለ ቤት ያስተዳድር ነበር። ልጁ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የስትራክቸር ምህንድስና ተማረ፤ ድልድይና ጣሪያ ሸክማቸውን እንዴት እንደሚያከፋፍሉ ማለት ነው። በጎን ደግሞ በዩኒቨርሲቲው የአየር ጓድ ውስጥ አውሮፕላን ማብረር ለመደ። እነዚህን ሁለቱን ያዙልን። ሰውዬው የመኪና ምህንድስና አልተማረም፤ መኪናን እንደ ድልድይና እንደ አውሮፕላን ነበር የሚያየው። በኋላ የሠራው ጉድ ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

ተማሪ እያለ ያገለገሉ መኪኖችን እየገዛ ይሸጥ ነበር። በ1947 መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት ለግል መኪና የሚሰጠውን የቤንዚን ራሽን ሲያቋርጥ ገበያው ድርግም አለ። እጁ ላይ የቀረችው አንዲት አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ነበረች። አልሸጥ ስትለው ገነጣጥሎ በ1948 የውድድር መኪና አደረጋት። ሥራው የተሠራው በፍቅረኛው በሄዘል ዊሊያምስ ወላጆች ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። በ1952 ሎተስን ድርጅት ብሎ ሲከፍት መነሻው ከሄዘል የተበደረው 25 ፓውንድ ነበር፤ ወርክሾፑም ከአባቱ ሆቴል ጀርባ ያለ የድሮ የፈረስ ጋጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተጋቡ። ሄዘል ባትኖር ሎተስ የሚባል ነገር የሚኖር አይመስለንም፤ ታሪኩ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ ስሟ ይዘለላል።

ገንዘብ ስላልነበረው ከተራ የፎርድ መኪና ዕቃ እየነቀለ ነበር የሚሠራው። የዚያን ጊዜው የፎርድ የፊት አክስል ወጥ ብረት ነው። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላኛውም አብሮ ያዘነብላል። ቻፕማን ብረቱን መሃል ለመሃል ቆረጠውና እንደ በር ማጠፊያ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ የፊት ጎማዎች የየራሳቸውን ጉድጓድ ለየብቻ መርገጥ ጀመሩ። ሎተስ ማርክ ሲክስ የምትባለው መኪናው በዚህ ብልሃት ትሄድ ነበር። የምትሸጠውም ተፈታትታ ነው፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጥማታል። ምክንያቱ ታክስ ነበር፤ ሙሉ መኪና የሚገዛ ሰው ላይ የሚጣለው የግዢ ግብር ተፈታትቶ የተሸጠን ዕቃ አይነካውም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ሰስፔንሽን ምንድን ነው ሥራው? ብዙዎቻችን ለምቾት ይመስለናል። ምቾት አንዱ ነው፤ ዋናው ሥራው ግን ጎማን ከመሬት አለማስለቀቅ ነው። ፍሬን የሚይዘው፣ መሪ የሚታዘዘው ጎማው መሬት እስከነካ ድረስ ብቻ ነው። አየር ላይ ያለ ጎማ ከጌጥ በምን ይለያል? ሞላው ጎማውን ወደ ታች ይገፋል፣ ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ ሞላው እንደ ኳስ እንዳይነጥር ይይዘዋል። ቻፕማን የገባው ነገር ይሄ ነው። በጊዜው የነበሩ የውድድር መኪና ሠሪዎች ሞላውን እጅግ አጠንክረው ሻንሲውን ግን ለስላሳ ይተዉት ነበር፤ ሰስፔንሽኑ እምቢ ሲል የመኪናው አካል ራሱ ይጣመማል። እሱ ገለበጠው። ሻንሲው እንደ ድልድይ ድርቅ ይበል፣ ሞላው ግን ለስላሳ ሆኖ ረጅም ይጓዝ፣ ሾክ አብዞርበሩ በልክ ይያዘው።

በ1957 ሎተስ 12 የምትባል የውድድር መኪናው ላይ ያደረገውን እንንገራችሁ። ኤርል ማክፈርሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ቀደም ብሎ ሞላና ሾክ አብዞርበርን በአንድ ምሰሶ አጣምሮ ነበር፤ ዛሬ የቪትዝና የኮሮላ የፊት እግር የቆመው በዚሁ ዘዴ ነው። ቻፕማን ምሰሶውን ወደ ኋላ እግር ወሰደው። ከሞተር ጉልበት ወደ ጎማ የሚያመጣውን ዘንግ ደግሞ ጎማውን በጎን እንዲይዝም አደረገው። አንዱ ዕቃ የሁለት ዕቃ ሥራ ሲሠራ አንድ ዕቃ ቀረ፤ ኪሎም አብሮ ቀረ። የቻፕማን ምሰሶ ተብሎ በስሙ ይጠራል።

በ1962 የወጣችው ሎተስ ኤላን የዚህ ሐሳብ ማሳያ ናት። ሁለት ሰው የምትይዝ የመንገድ መኪና ናት፤ 700 ኪሎ እንኳ አትሞላም። ሦስት ኤላን ቢደመር አንድ ኤሌትሬ አይሆንም። ሞላዋ ለስላሳ ነው፤ ኩርባ ላይ ትንሽ ትዘነብላለች፤ ግን መንገዱን አትለቅም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። መኪና ዝቅ ሲል ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባል፣ ኩርባ ላይ ማዘንበሉ ይቀንሳል፤ ይሄ እውነት ነው። ቻፕማንም መኪኖቹን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ሎተስ 25 ላይማ ሹፌሩ ሊተኛ ምንም አልቀረው። ግን በብዙ ጋራዥ ዝቅ ማድረግ ማለት ሞላውን በግራይንደር መቁረጥ ነው። ሞላ ጥምዝምዙ ባነሰ ቁጥር ይጠነክራል። ስለዚህ የተቆረጠ ሞላ መኪናውን ዝቅ ከማድረጉም በላይ ያደርቀዋል። ለመተጣጠፍ የቀረው ቦታ ደግሞ አጭር ነው፤ ትንሽ ጉብታ ሲመጣ ማቆሚያው ጎማ ላይ ጓ ይላል። ሾክ አብዞርበሩ ለድሮው ሞላ የተለካ ስለሆነ አዲሱን አይችለውም። ያን ጊዜ ጎማው መዝለል ይጀምራል። ቻፕማን ሲቆርጥ የቆረጠው ጎማው መሬቱን የበለጠ እንዲይዝ ነበር፤ እኛ ስንቆርጥ እንዲለቅ እያደረግን ነው።

የአየር ሰስፔንሽን ባላቸው ውድ ኤስዩቪዎች ላይ የሚቆረጥ ሞላ የለም። በሞላ ፋንታ አየር የሚሞላ የጎማ ከረጢት አለ። የመኪናውን ከፍታ የሚለካ ሴንሰር በአንዲት ትንሽ ዘንግ ከሰስፔንሽኑ ክንድ ጋር ታስሯል። ዝቅ አድራጊዎች ብዙ ጊዜ የሚለውጡት ይቺን ዘንግ ነው፤ ርዝመቷ ሲቀየር ኮምፒውተሩ መኪናው ከፍ ያለ ይመስለውና አየሩን ያስተነፍሰዋል። ርካሽ ነው፤ ይሠራልም። ግን በቃ ኮምፒውተሩን መዋሸት ነው። ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የውስጥ ጠርዙ ሳይታይ ተበልቶ ያልቃል፣ ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ሙሉ ሰው ጭኖ ጉድጓድ ሲገባ የሚታጠፍበት ቦታ ያጥረዋል። ማስደረጋችሁ ካልቀረ ሞላና ሾክ አብዞርበር አብረው የተለኩ ይሁኑ፤ የአየር ከሆነም ለሞዴሉ በተሠራ ነገርና በልክ። ከዚያ አላይመንት ሳታስደርጉ አስፋልት አትውጡ።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። በ1962 ያቺ ሹፌሯ ተኝቶ የሚነዳት ሎተስ 25 በፎርሙላ ዋን አካሏ ራሱ ሻንሲ የሆነ የመጀመሪያዋ መኪና ሆነች፤ እንደ አውሮፕላን ቀፎ ማለት ነው። ከውስጧ የብረት ቱቦ አጥንት ወጣ። ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክ በ1963 በዚችው፣ በ1965 ደግሞ በተከታይዋ በሎተስ 33 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው በ1965 አሜሪካ ሄዶ ኢንዲያናፖሊስ 500ን አሸነፈ። ቻፕማን ሹፌሩ ሲያሸንፍ ጥቁር ኮፍያውን ወደ ሰማይ ይወረውር ነበር፤ ይህ ልማዱ ከመኪኖቹ እኩል ታወቀ።

ክላርክና ቻፕማን እንደ ወንድም ነበሩ ይባላል። ኤፕሪል 7 ቀን 1968 ክላርክ ጀርመን ሆክንሃይም ላይ በሎተስ መኪና እየነዳ ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ መታና ሞተ። 32 ዓመቱ ነበር። ቡድኑን ግራሃም ሂል ተሸክሞት በዚያ ዓመት ሻምፒዮን ሆነ።

ሰውዬው ግን አልቆመም። በ1968 ከመኪናው በላይ ረጅም ክንፍ ተከለ። ነፋሱ ክንፉን ወደ ታች ሲገፋ ጎማው መሬቱን የበለጠ ይይዛል። ክንፉ የታሰረው አካሉ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ጎማውን በሚይዘው ክፍል ላይ ነበር፤ የነፋሱ ጫና ሞላውን ሳይጨቁን ጎማው ላይ እንዲያርፍ። ሐሳቡ ብሩህ ነው። ዘንጎቹ ግን ቀጫጭን ነበሩ። በሜይ 1969 ባርሴሎና ሞንትጁዊክ ላይ የሂል ክንፍ ተሰበረና መኪናው ተጋጨ፤ ጥቂት ዙር ቆይቶ የሁለተኛው ሹፌር የዮኸን ሪንት ክንፍ እዚያው ቦታ ተሰብሮ ከሂል ስብርባሪ ጋር ተጋጨ። ሪንት ቆስሎ ተረፈ። ቀጥሎ ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈለት፤ ፍሬ ሐሳቡ መኪኖቹ በቂ ፈጣን ናቸውና ጥቂት ኪሎ ጨምረህ አጠንክራቸው፣ እምነት ካላደረብኝ መንዳት አልችልም የሚል ነበር።

በ1970 ሎተስ 72 መጣች። የፊት ፍሬኗ ጎማው ጋ ሳይሆን ወደ አካሉ ገባ ብሎ ተቀምጦ በዘንግ ከጎማው ጋር ተያይዟል። ለምን? ከሞላው በታች ያለ ክብደት ሲቀንስ ጎማው የመንገዱን እያንዳንዷን ጉብታ ቶሎ ይከተላልና ነው። እንደገና ትክክል ነበር። ሪንት በ72 አራት ውድድር በተከታታይ አሸነፈ። ሴፕቴምበር 5 ሞንዛ ልምምድ ላይ ግን ፍሬን ሲይዝ ከነዚያ የፍሬን ዘንጎች አንዱ ተሰበረ። መኪናው በደንብ ያልተተከለ የብረት አጥር ስር ገብቶ ሪንትን ገደለው። ነጥቡን የደረሰበት ስላልነበረ ከሞተ በኋላ ሻምፒዮን ተባለ፤ በፎርሙላ ዋን ታሪክ እስከ ዛሬ ብቸኛው እሱ ነው።

ይቺን ቦታ በፍጥነት ማለፍ አንፈልግም። ደጋፊዎቹ ያ ዘመን ለሁሉም ገዳይ ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው፣ የሌላ ቡድን ሹፌሮችም ይሞቱ ነበር። ሞንዛ ላይም አጥሩ በወጉ ቢተከል ሪንት ሊተርፍ ይችል ነበር። ግን ቻፕማን ዕቃን እስኪሰበር የሚያቀጥን ሰው እንደነበር ደብዳቤው ራሱ ይመሰክራል። ሊቅነቱና ጥፋቱ አንድ ቦታ ናቸው ብንል አላጋነንም። ሌላም ነገር አለ፤ በስሙ የሚጠራው ሁሉ የብቻው አይደለም። ኤላንን ሮን ሂክማን፣ 72ን ሞሪስ ፊሊፕ፣ የኋላዎቹን ፒተር ራይትና ቶኒ ረድ አብረውት ደክመውባቸዋል።

ራይት ያመጣው ነገር ጨዋታውን ለወጠው። በ1977ቷ ሎተስ 78 እና በ1978ቷ ሎተስ 79 የመኪናው ሆድ እንደ ተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ሆነ፤ ጎንና ጎኑ ላይ እስከ መሬት የሚወርድ ተንሸራታች መከለያ ነበረው። አየሩ ከስር በፍጥነት ሲያልፍ መኪናውን ወደ አስፋልቱ ይመጠዋል። ማሪዮ አንድሬቲ በ1978 ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ባልደረባው ሮኒ ፒተርሰን ሞንዛ ላይ ከደረሰበት አደጋ በኋላ ሕይወቱ አለፈ።

እዚህ ጋ ታሪኩ ይገለበጣል። መኪናው በሆዱ መሬቱን የሚመጥ ከሆነ ከፍታው አንድ ሴንቲሜትር ሲለዋወጥ ጫናውም ይለዋወጣል። ስለዚህ ሞላው ድንጋይ መሆን አለበት። ለስላሳ ሞላ ያስተማረው ሰውዬ የሹፌር አጥንት የሚያንገጫግጭ መኪና ለዓለም አስተማረ። በ1979ኙ ሎተስ 80 ደግሞ ይብስ ብሎ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይነጥር ጀመር። በ2022 ሃሚልተን ባኩ ላይ ወገቡን ይዞ ከመርሴዲሱ ሲወርድ ያያችሁ፣ በሽታው ያው ነው።

በ1981 ሕግ ወጣ፤ ተንሸራታች መከለያ ቀረ፣ መኪናው ከመሬት 6 ሴንቲሜትር ከፍ ማለት አለበት ተባለ። ታዲያ መለኪያው መኪናው ሲቆም ነው። የብራባም መሐንዲስ ጎርደን መሪ ሲፈጥን በነፋሱ ጫና የሚወርድ፣ ሲዘገይ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሰስፔንሽን ሠራና ሕጉን አለፈ። ዛሬ በስልክ የምትንበረከከዋ ኤስዩቪ ሩቅ ዘመዷ ይሄ ነው። ቻፕማን የመጣው በሌላ መንገድ ነበር፤ ሎተስ 88 ሁለት ሻንሲ ነበራት። የውጪው አካል የነፋሱን ጫና ተቀብሎ በጠንካራ ሞላ በቀጥታ ወደ ጎማዎቹ ያሳልፋል፤ ሹፌሩ ያለበት የውስጠኛው ደግሞ በለስላሳ ሞላ ላይ ይቀመጣል። ሞንትጁዊክ ላይ የተሰበረው ሐሳብ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው። ሌሎቹ ቡድኖች ጮኹ፣ ዳኞች 88ን ከለከሉ፤ አንድም ውድድር አልጀመረችም። ብራባም ዝቅ ባለው መኪናው አርጀንቲና ላይ ሲያሸንፍ ቻፕማን ተናዶ ከውድድሩ በፊት አገሩን ለቆ ወጥቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም ለእሱ ነው የምንፈርደው።

ከፈጠራው ጎን ሌላ ጉዳይ እየበሰለ ነበር። ጆን ዴሎሪያን በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የመኪና ፋብሪካ ሲከፍት የዲዛይኑን ሥራ ለሎተስ ሰጠ። ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጂፒዲ በሚባል በውጭ አገር በተቋቋመ ድርጅት በኩል አለፈና ለሥራው ሳይውል ጠፋ። ዴሎሪያን በ1982 ሲከስር መርማሪዎች ዱካውን መከተል ጀመሩ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1992፣ የሎተስ የሒሳብ ኃላፊ ፍሬድ ቡሼል በማጭበርበር 3 ዓመት ተፈረደበት። ዳኛው ቻፕማን በሕይወት ቢኖር ቢያንስ 10 ዓመት ይጠብቀው እንደነበር ተናግረዋል።

እሱ ግን አልነበረም። በኦገስት 1982 ኤሊዮ ዴ አንጀሊስ ኦስትሪያ ላይ ሲያሸንፍ ኮፍያውን ለመጨረሻ ጊዜ ወረወረ። ከራይት ጋር ይዞት የነበረው ሥራ ሞላን ከነጭራሹ የሚተካ ሰስፔንሽን ነበር። ሴንሰሮች መንገዱን ያነባሉ፣ ኮምፒውተር ያሰላል፣ በዘይት ግፊት የሚሠሩ ፒስተኖች እያንዳንዱን ጎማ ያነሳሉ ወይም ይገፋሉ። ለስላሳና ጠንካራ ሞላ የሚለው የዕድሜ ልክ ሙግቱ በዚህ ይፈታ ነበር፤ መኪናው እንደ አስፈላጊነቱ ሁለቱንም ይሆናልና። ዲሴምበር 16 ቀን 1982 ቡድኑ ያንን መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሞክር ወጣ። በዚያው ቀን ቻፕማን ኖርፎክ ቤቱ ውስጥ በልብ ድካም ሞተ። 54 ዓመቱ ነበር።

በ1983 ናይጀል ማንሴል መኪናዋን ይዟት ተወዳደረ፤ ከባድና ያልበሰለች ስለነበረች ቶሎ ተተወች። በ1987 ግን ሥራው በሎተስ 99ቲ ላይ ተመለሰ፣ ሹፌሩም አይርተን ሴና። መጀመሪያ ሞናኮን አሸነፈ። ቀጥሎ ዲትሮይት፣ በጉድጓድና በስፌት የተሞላ የከተማ መንገድ ላይ፣ ተፎካካሪዎቹ ጎማ ለመቀየር ሲቆሙ ሴና የጀመረበትን ጎማ ሳይቀይር ጨረሰና አሸነፈ። ቲም ሎተስ ከዚያ ወዲህ አንድም የፎርሙላ ዋን ውድድር ሳያሸንፍ በ1994 መጨረሻ ከውድድሩ ወጣ።